መሪ፦ ለአንድ የሕግ ብዕር የቀረበ ውዳሴ

ውዳሴ ከስም ይነሣል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ስምዎን አገሬው እንደሚጠራው በፊደላችን ላሰፍር ብል «ፓውሊ መሪ» ሆኖ ተጻፈልኝ፤ ብዕሬንም አሳርፌ ጥቂት ጊዜ አየሁት። ሰሙ ከአባትዎ ከዊልያም የወረሱት የቤተሰብ ስም ነው። ለወርቁ ባለቅኔ አልደከመበትም፤ አማርኛ ራሱ አውጥቶ ሰጠዎት። በእኛ ዘንድ ማኅሌቱ ሲቆም አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። እርስዎም በአሜሪካ የሕግ ማኅሌት ዜማውን ከሁሉ ቀድመው አነሡ፤ ተቀባዩ በዛ፣ ዜማው አገር ሞላ፣ የመሪው ስም ግን በግርጌ ማስታወሻ ተቀበረ። ይህ ውዳሴ ከዚያ ከግርጌው ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው።

ቋንቋችን ሌላም ስጦታ ይዞ ጠብቆዎታል። በእንግሊዝኛ ስለ እርስዎ የሚጽፉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ በአንዲት ተውላጠ ስም ይቸገራሉ፤ «እሱ» ይበሉ «እሷ»፣ ገና በመግቢያው ገጽ ማብራሪያ ያቀርባሉ። በወጣትነትዎ፣ ሴት የተባለው አካል ከውስጥዎ ጋር አልስማማ ብሎዎት ሐኪም ለሐኪም እንደ ዞሩ፣ መልስ ሳያገኙም እንደ ተመለሱ፣ የተዉት ደብዳቤና ማስታወሻ ይመሰክራል። አማርኛ ግን ለከበረ ሰው «እርስዎ»ን ሲያነጥፍ ወንድ ነዎት ወይስ ሴት ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ይህ ቃል ከመነሻው እስከ መድረሻው በ«እርስዎ» ይዘልቃል። እዚህ ቤት ሲገቡ በር ላይ የሚመረምርዎ የለም።

ለታላቅ ሰው ዘሩን መቁጠር ደንብ ነውና ልቁጠር። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1910 በባልቲሞር ተወለዱ። እናትዎ አግነስ ገና በሕፃንነትዎ ስላረፉ፣ በሰሜን ካሮላይና በደርሃም ከተማ በመምህርት አክስትዎ በፖሊን እጅና በአያቶችዎ ጣራ ሥር አደጉ። ወንድ አያትዎ ሮበርት ፊትዝጀራልድ በእርስ በርሱ ጦርነት በሰሜኑ ወገን የተሰለፉ፣ ጦርነቱ ሲያልቅም ነፃ የወጡትን ፊደል ሊያስቆጥሩ ወደ ደቡብ የወረዱ ሰው ነበሩ። ሴት አያትዎ ኮርኔሊያ በባርነት ተወለዱ፤ እናታቸው ባሪያ፣ አባታቸው የጌታው ልጅ። ያ የጌታው የስሚዝ ቤተሰብ ሀብታም ነበርና፣ የቤቱ የመጨረሻ ወራሽ ወይዘሪት ስትሞት ከመሬቷ ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አወረሰች።

ይህን የሚያውቅ ሰው በ1938 የደረሰዎትን ደብዳቤ ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ አመለከቱ፤ መልሱ ከወገንዎ አንድም ሰው እንደማይቀበሉ የሚገልጽ ነበር። የአያትዎ ጉልበት ያለማው፣ የአያትዎ ሥጋ ዘመዶች የሰጡት መሬት፣ ለልጅ ልጅ አንዲት ወንበር ነፈገ። ሌላው ሰው ቢሆን ደብዳቤውን ቀዶ ይጥል ነበር። እርስዎ ግን የሚቀድ እጅ አልነበረዎትም፤ የሚያስቀምጥ፣ ቀን የሚጽፍበት፣ ቅጂ የሚይዝ፣ መልስ የሚሰጥ እጅ ነበረዎት። በዚያው ሰሞን ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጻፉት ደብዳቤ ከባለቤታቸው ከኤሊኖር ጋር አስተዋወቀዎት፤ ወዳጅነቱ እሳቸው እስኪያርፉ ዘለቀ።

በ1940 የፋሲካ ሰሞን ከጓደኛዎ ጋር በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ሲጓዙ በቨርጂኒያዋ ፒተርስበርግ አስወርደው አሰሯችሁ፤ ከኋላው መቀመጫ አንሄድም ብላችሁ ነበርና። ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አልነሣም ያለችው ከዚህ 15 ዓመት በኋላ ነው። እስር ቤት ተቀምጠው ምን አደረጉ? የሆነውን ሁሉ፣ ሾፌሩ ያለውን፣ ፖሊሱ ያለውን፣ በቅደም ተከተል ጻፉ። ዓቃቤ ሕጉ የዘር መለያየቱን ክስ ትቶ ሰላም በማደፍረስ ብቻ ሲያስቀጣችሁ፣ ሕጉ ፊት ለፊት መግጠም እንደ ፈራ አስተዋሉ። ለኋላ ሥራዎ ሁሉ ቁልፉ ይህ ይመስለኛል፤ ጠላት የሸሸበትን በር ማስታወስ።

ያን ጊዜ ገና የሕግ ተማሪ አልነበሩም። ወደ ሕግ የገፋዎት ኦዴል ዋለር የሚባል የእኩል አራሽ ገበሬ ነው። ከባለ መሬቱ ጋር በእህል ድርሻ ተጣልቶ፣ ባለ መሬቱ ሞቶ፣ እሱ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ የፈረዱበትም የምርጫ ግብር የከፈሉ ሰዎች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ ነበር። እርስዎ ነፍሱን ለማትረፍ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ገንዘብ ለመኑ። አልተረፈም። ሐምሌ 2 ቀን 1942 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ቀን ያዝልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በ1941 በዋሽንግተን ከተማ ሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ። ሃዋርድ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚያ ነው፤ ከግቢው ወረድ ሲሉ ያለው ዩ ስትሪትም ዛሬ የእንጀራና የቡና ሽታ አለው። እርስዎ በተማሩበት ዘመን ግን በዩ ስትሪትና በአሥራ አራተኛው መንገድ ማዕዘን ላይ የነበረው ካፍቴሪያ፣ በጥቁሮች ሰፈር መካከል ተቀምጦ ጥቁር አያስተናግድም ነበር። በ1943 ሚያዝያ ተማሪዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ገቡ፤ እንቢ ሲባሉ ባዶ ትሪያቸውን ይዘው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ገለጡ። ሕጉን አጥንተው ምን ቢደረግ እንደማያስከስስ የነገሩዋቸው እርስዎ ነበሩ። ባለቤቱ በጥቂት ቀን ውስጥ በሩን ከፈተ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ምግብ ቤት የሚከፍት፣ የሚያስተናግድ፣ ክትፎ የሚያዝ ወገኔ ሁሉ በዚያ ባዶ ትሪ ላይ ይቀመጣል።

በክፍልዎ ብቸኛዋ ሴት ተማሪ የተባሉት እርስዎ ነበሩ። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ መምህር ሴቶች ሕግ ለምን እንደሚማሩ አይገባኝም ብሎ ክፍሉን አሳቀ። የዘር ጭቆናን ለመታገል የተሰባሰቡ ወንዶች፣ ነገ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆሙ ጀግኖች፣ ሳቁ። የደቡቡ የመለያየት ሥርዓት «ጂም ክሮው» ይባል ነበር፤ እርስዎ ለዚህኛው እኅት አወጡለት፤ «ጄን ክሮው» አሉት። ስም ያልወጣለት በደል ክስ አይመሠረትበትም። ክርስትና ያነሡት ያ ስም ከሃያ ዓመት በኋላ የአንድ ታላቅ የሕግ ጽሑፍ ርዕስ ሆነ።

አሁን ወደ ውርርዱ ልምጣ፤ የዚህ ውዳሴ ልብ እዚያ ነው።

በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሆሜር ፕሌሲ ላይ ሲፈርድ፣ መለያየት እኩል እስከሆነ ድረስ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። (ያ ዓመት ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነው። ከድሉ ሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ ጥቁር ሰው በሕግ ከፉርጎ እንዲወርድ ተፈረደበት። ሁለቱን በአንድ ገጽ አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ ያየ ሰው ታሪክ በአንድ ሰዓት እንደማይነጋ ይገባዋል።) ከዚያ ወዲህ ያሉ ጠበቆች ስልታቸው «እኩል» የሚለውን ቃል ይዞ መሟገት ነበር። የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት መስኮቱ ተሰብሯል፣ መምህሩ ደመወዙ አንሷል፣ ስለዚህ እኩል አይደለም እያሉ፣ አንድ ግቢ በአንድ ግቢ፣ አንድ ክልል በአንድ ክልል። ጥበብ ያለበት ስልት ነው፤ አልነቅፈውም። ቻርልስ ሂውስተንን ያህል ሊቅ የነደፈው ነው።

እርስዎ ግን በሴሚናሩ ክፍል ተነሥተው «እኩል» የሚለውን ትታችሁ «የተለየ» የሚለውን ምቱት አሉ። መስኮቱ ቢጠገንም፣ ደመወዙ ቢስተካከልም፣ መለየቱ ራሱ ሰውን ዝቅ ያደርጋል፤ የባርነት ምልክት ነውና አሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ ይከለክለዋል፤ የሕግ እኩል ጥበቃን ይሽራልና አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ይከለክለዋል። ክፍሉ ዳግመኛ ሳቀ። ድፍረቱ ሞኝነት መሰላቸው፤ ፕሌሲን ፊት ለፊት ገጥሞ መሸነፍ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ነው አሉ። እርስዎም ከመምህርዎ ከስፖትስዉድ ሮቢንሰን ጋር አሥር ዶላር ተወራረዱ፦ ፕሌሲ በ25 ዓመት ውስጥ ይሻራል።

ውርርድ በቃል ብቻ ቢቀር ጨዋታ ነበር። እርስዎ ተቀምጠው ጻፉት። የመመረቂያ ጽሑፍዎ ያንኑ ሐሳብ ከሕግ፣ ከሥነ ልቦናና ከማኅበረሰብ ጥናት ማስረጃ እየቀዳ፣ የተለዩ ልጆች ልብ ምን እንደሚሆን ጭምር አስረድቶ ቀረበ። ለመምህሩ አስረከቡ፤ በ1944 ከክፍሉ አንደኛ ወጥተው ተመረቁ፤ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አሁን ያንን መሳቢያ ልብ በሉልኝ። ዘጠኝ ዓመት ተዘጋ። በ1953 የመብት ጠበቃው የሰርጉድ ማርሻል ቡድን፣ የትምህርት ቤት መለያየትን በሚሞግተው በብራውን ጉዳይ የመጨረሻውን ክርክር ሲያዘጋጅ ከጠበቆቹ አንዱ ሮቢንሰን ነበሩ፤ የቀድሞ ተማሪያቸውን ጽሑፍ አስታውሰው አወጡት፤ ለቡድኑም አቀረቡ። ግንቦት 17 ቀን 1954 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በትምህርት ቤት መለያየት በራሱ እኩልነትን ያጠፋል ብለው ፈረዱ። ከ25ቱ ዓመት አሥሩ ብቻ ነበር ያለፈው። እርስዎስ? ወረቀትዎ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ነበረ እንኳ የነገረዎት ሰው አልነበረም። ዓመታት አልፈው ሃዋርድን ሊጎበኙ ሲመለሱ ነው ከመምህርዎ አፍ የሰሙት።

ስንት ሊቅ በዚህ ተቆጥቶ ዕድሜውን ባቃጠለ! እርስዎ የጠየቁት የወረቀቱን ቅጂ ነው።

ከክፍሉ አንደኛ የወጣ የሃዋርድ ተመራቂ ለከፍተኛ ጥናት ወደ ሃርቫርድ መሄዱ ልማድ ነበር። እርስዎ ሲያመለክቱ በፆታዎ ምክንያት ከለከሉዎት፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሳይቀሩ የጻፉልዎት ደብዳቤም አልፈየደም። የሰጡት መልስ ከጥርስ መሐል የወጣ ሳቅ ያለበት ነው፤ መስፈርታችሁን ለማሟላት ፆታዬን ብቀይር በወደድኩ፣ መንገዱ ግን አልተገለጠልኝም፤ እናንተ አሳባችሁን ብትቀይሩ ይቀላል ዓይነት ነበር። የእርስዎን የውስጥ ገመና የማያውቁት መምህራን ቀልድ መስሏቸው ይሆናል። እኛ ግን የሰሙን ወርቅ እናውቃለን። ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቱን ለሴቶች የከፈተው በ1950 ነው። የእርስዎ ወረቀቶች፣ ደብዳቤዎችዎና ማስታወሻዎችዎ ዛሬ የሚገኙት የት ነው ቢሉ? በዚያው በሃርቫርድ፣ በሽሌሲንገር ቤተ መጻሕፍት። በሩን የዘጋው ቤት ዛሬ ዘበኛዎ ሆኗል።

ወደ በርክሌይ ሄዱ፤ ዲግሪውን ይዘው፣ በ1945 በካሊፎርኒያው የሕግ መጽሔት ስለ እኩል የሥራ ዕድል መብት ጽፈው ተመለሱ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ትልቁ መጽሐፍ እየጠራኝ ስለሆነ ነው።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንድ ቀላል ጥያቄ ነበራቸው፦ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ እንዳይሰበሰብ የሚከለክለው የትኛው ክልል ሕግ ነው፣ የትኛውስ ልማድ ብቻ? አነስ ያለች መጽሔት ጠብቀው ሥራውን ለእርስዎ ሰጡ። በ1951 የወጣው ግን 746 ገጽ ነበር። የ48ቱም ክልሎች ሕግ፣ በዘርና በቀለም ላይ የተጻፈው ሁሉ፣ ክፉውም ደጉም፣ ከየመደርደሪያው ተለቅሞ በአንድ ጥራዝ ገባ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ምን ይመስላል? የሕጎቹን ዓይነት ላሳይ። ሰሜን ካሮላይና የነጭ ልጅ የተማረበት መጽሐፍ ወደ ጥቁር ልጅ እንዳይተላለፍ፣ የጥቁሩም ወደ ነጩ እንዳይሄድ ትከለክላለች። ኦክላሆማ የስልክ መደወያውን ሣጥን ትለያለች። ሉዊዚያና ሰርከስ ለማየት የመጣው ሰው በሁለት በር እንዲገባ፣ በሮቹም እንዲራራቁ ታዛለች። ዝሆን ለማየት! ያን ሁሉ አንድ ላይ ሲያዩት፣ ክፉ ሕግ ሲተኛ እንኳ ስንት ሥራ እንደሚበዛበት ይታያል፤ ለመጽሐፍ፣ ለስልክ፣ ለሰርከስ በር ሳይቀር አንቀጽ መጻፍ አለበት። እርስዎ በዚያ ጥራዝ ውስጥ አልጮኹም፤ አልረገሙም። ሕጉን በራሱ ቃል፣ በአንቀጹ ቁጥር፣ በወጣበት ዓመት አስቀመጡት። ዝርዝር የፍርድ ቀን ነው ብሎ ያስተማረኝ ያ ጥራዝ ነው። ሰርጉድ ማርሻል ለጠበቆቻቸው አደሉት፤ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ የሚገለጥ የሙግት መጽሐፋቸውም አደረጉት። የእኛም አባቶች ፍትሐ ነገሥትን በብራና ሲገለብጡ ጉልበታቸውን አይቆጥሩም ነበርና፣ ይህን ድካም ማንም ቢንቅ የእኛ አገር ሰው አይንቀውም።

ይህን ከሠሩ በኋላ ደግሞ ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የጥናት ሥራ ሲወዳደሩ፣ ምስክር አድርገው የጠሯቸው ሰዎች በጣም ጽንፈኛ ናቸው ተብለው ቀሩ። ምስክሮቹ ኤሊኖር ሩዝቬልት፣ ሰርጉድ ማርሻልና የሠራተኞች መሪው ኤ ፊሊፕ ራንዶልፍ ነበሩ። ምስክርዎ ይህን ያህል ከከበደ ምን ይደረጋል! ቤትዎ ገብተው የአያቶችዎን ታሪክ ጻፉ፤ ከዚያም ወደ አክራ ተሻግረው፣ ገና ነፃ በወጣችው ጋና ሕገ መንግሥት አስተማሩ።

እነሆ 1964 ደረሰ፤ አንባቢ ሆይ፣ የያዝከውን ቀን አውጣው።

የሲቪል መብቶች ሕግ በኮንግረስ ክርክር ሲካሄድበት፣ ቀጣሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር እንዳያዳላ የሚከለክለው ሰባተኛው ክፍል «ፆታ» የሚል ቃል ተጨመረበት። የጨመሩት የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ነበሩ፤ የሕጉ ተቃዋሚ ስለ ነበሩም ብዙዎች ቃሉ ሕጉን ለመጣል የተወረወረ ድንጋይ ነው ብለው ጠረጠሩ። ወደ ሴኔት ሲሄድ ሊሰረዝ ሆነ። እርስዎ ማስታወሻ ጻፉ። ክርክሩ እንደ ምላጭ ቀጭን ነው፦ ጥቁር ሴት ከሥራ ስትባረር በጥቁርነቷ ይሁን በሴትነቷ ማን ይለየዋል? «ፆታ» ከወጣ ቀጣሪው ሁሉ «ሴት ስለሆነች ነው» ብሎ ያመልጣል፤ ሕጉም ከጥቁሩ ሕዝብ ግማሹን ብቻ ይጠብቃል። ማስታወሻው በሴናተሮቹ እጅ፣ በዋይት ሐውስም ደጃፍ ዞረ። ቃሉ ጸና።

ሕጉ የተፈረመው ሐምሌ 2 ቀን 1964 ነው። ኦዴል ዋለር በኤሌክትሪክ ወንበር ከተቀመጠ ልክ በ22ኛው ዓመት፣ በቀኑ። ይህን ማንም አላቀደውም። እኔም ትርጓሜ አልሰጠውም፤ ዝም ብዬ ሁለቱን ቀን አጠገብ ለአጠገብ እጽፋለሁ።

በዚያ ሕግ ውስጥ «የትውልድ አገር» የምትባል ቃልም አለች። አነጋገሩ ቅላጼ አለው ተብሎ ከሥራ የተገፋ፣ ስሙ አልጠራ ብሎ ማመልከቻው የተጣለ አበሻ አቤት የሚልባት በር እሷ ናት። በኋላ መጥተን ቤቱን ተሠርቶ አገኘነው፤ አናጢውን ሳንጠይቅ ገባን።

ሕግ ቢወጣም አስፈጻሚው ካልነቃ ወረቀት ነው። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ በ1965 ሥራ ሲጀምር የፆታውን ቃል እንደ ቀልድ ያዘው፤ ጋዜጦችም «ወንድ ይፈለጋል»፣ «ሴት ትፈለጋለች» እያሉ በተለያየ ዓምድ ማስታወቂያ ማውጣታቸውን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሜሪ ኢስትዉድ ጋር «ጄን ክሮውና ሕጉ» ብለው የጻፉት ጽሑፍ በጆርጅ ዋሽንግተን የሕግ መጽሔት ወጣ፤ ኮሚሽኑ ቃሉን እንዴት ሊተረጉመው እንደሚገባ መስመር በመስመር አሳየ። በዚያው ዓመት ከዬል በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ ሲቀበሉ በዚያ ማዕረግ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሆኑ። በ1966 ደግሞ የሴቶችን ብሔራዊ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በፆታ የተለየው የሥራ ማስታወቂያም በ1968 መከልከል ጀመረ።

ጉድለት የሌለበት ውዳሴ ሐሰት ይመስላልና አንድ ነገር ልጨምር። በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከአፍላዎቹ ተማሪዎች ጋር አልተጣጣሙም፤ እነሱ «ጥቁር» ተብለን እንጠራ ሲሉ፣ እርስዎ «ኔግሮ» የሚለው፣ ያውም በትልቅ ፊደል፣ የታገልኩለት ስም ነው ብለው እንቢ አሉ። ጊዜው ከተማሪዎቹ ጋር ሄደ። እርስዎ ግን ያመኑበትን ሰዓት አይቶ የሚለውጥ ሰው አልነበሩም፤ ያች ግትርነት ባትኖር ያ ወረቀትም ባልተጻፈ።

በ1971 የመጣችው የክርክር ሰነድ ሽፋን ታሪክ አጭር ናት፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። በአይዳሆ አንድ ልጅ ሞተ፤ የተፋቱት እናትና አባት ሁለቱም የልጃቸውን ጥቂት ንብረት ውርስ አጣሪ ለመሆን አመለከቱ። የክልሉ ሕግ እኩል ከቀረቡ ወንዱ ይቅደም ይላል። እናቲቱ ሳሊ ሪድ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። የጽሑፍ ክርክሩን ያዘጋጀችው ያን ጊዜ ወጣት ፕሮፌሰር የነበረችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት። ሲጠናቀቅ፣ ከጠበቆቹ ስም ጋር በሽፋኑ ላይ ሁለት ስሞች ጻፈች፦ የእርስዎንና የዶሮቲ ኬንየንን። አንዱንም መስመር አልጻፋችሁም። ሁለታችሁ ግን በ1966 በአላባማ ሴቶች ከጁሪ እንዳይገለሉ ተሟግታችሁ የረታችሁ፣ አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ለሴትም እንደሚሠራ ሰሚ በሌለበት ዘመን የጮኻችሁ ናችሁና፣ በትከሻችሁ ላይ እንደቆመች መሰከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፆታ ማዳላት ምክንያት ሕግ ሲሽር ያ የመጀመሪያው ነበር።

በመሳቢያ የተረሳው ወረቀት በሽፋን ላይ ተከፈለ። ጊንስበርግ በኋላ ዳኛ ሆነው ብዙ የተደነቀ ፍርድ ጻፉ፤ ለእኔ ያች ሽፋን ትበልጣለች። የተማረውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ከማን እንደ ተማረ የሚያስታውስ ጥቂት።

ያች ያጸኑዋት ቃልስ? ከእርስዎ ዕረፍት በኋላ እንኳ ሥራ አልፈታችም። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ፆታ» የሚለው ያው ቃል ግብረ ሰዶማውያንንና ፆታቸውን የቀየሩ ሠራተኞችን ከመባረር እንደሚጠብቅ ወሰነ። ስለ ጉዳዩ አንባቢዎቼ የተለያየ አሳብ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔ የማየው አንድ ሰው ለሌሎች ብሎ የሠራው ዳስ ውሎ አድሮ ለራሱም ጥላ ሲሆን ነው።

በመጨረሻ ሕጉን አስቀምጠው መጎናጸፊያውን አነሡ። በጥር 1977 በዋሽንግተን ካቴድራል፣ በኤጲስቆጳል ቤተ ክርስቲያን ከጥቁር ሴቶች መካከል የመጀመሪያው ቄስ ሆነው ተቀቡ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን ያቀበሉት በቻፕል ሂል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም ባለባት ከተማ፣ አያትዎ ኮርኔሊያ በባርነት ሳሉ በተጠመቁባት ቤተ ክርስቲያን። በ1985 ሐምሌ 1 ቀን በፒትስበርግ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ላጥብ ወርጄ አሥር ዶላር ለመዘርዘሪያው ማሽን ሰጠሁ፤ ኳርተሮቹ ተንኮሻኮሹ። እየቆጠርኩ ወደ ማጠቢያው ቀዳዳ ስከት አንዷ ከጣቴ አልወርድ አለች። በአንድ ወገን ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ባሪያ ያሳድር የነበረው ፕሬዚዳንት፤ 2024 ይላል። ገለበጥኳት። በእንግሊዝኛ አራት ፊደላት «ተስፋ» የሚል ቃል፤ በፊደላቱ ውስጥ ደግሞ መነጽር ያደረገ ፊት፣ የእርስዎ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ያየኛል።  ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ለሃያ አምስት ዓመት የተወራረዱት ሰው።

ሳንቲሟን ኪሴ ከትቼ ከጎኔ ልብስ ከሚያጣጥፉት እናት ሌላ ኳርተር ተለዋወጥኩ። «ምን አገኘህባት?» አሉኝ። አሥር ዶላር አርባ ኳርተር ነው። አንዷ ተገኝታለች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ይቀረኛል አልኳቸው።